ጃንጥላ መሰለኝ እንዴ?

ዛሬ ፌርፋክስ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ተሰብስበን፣ "አይረባም" እያልኩ ስከራከርበት የከረምኩትን ተጫዋች በግማሽ ባጀቴ ገዛሁት። እኔው ራሴ!

በፋንታሲ ቤዝቦል ሊጋችን እውነተኛ ተጫዋቾችን በተመደበልን ባጀት እየገዛን በውጤታቸው እንፎካከራለን፤ ተጫዋች የሚመረጠውም በጨረታ ነው። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ያበደለት አንድ ወጣት መቺ አለ።

ልጁ የመታው ያለፈው ሲዝን መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ያኔ ኳስ ወርዋሪዎቹ፣ ፒቸሮቹ፣ ገና አላወቁትም ነበር። የምትታጠፍ ኳስ ሲወረውሩለት አየር ነው የሚመታው። ኦኬ፣ ማን ይስማኝ?

አጫራቻችን ጋሼ መኮንን ናቸው፤ ቤተክርስቲያን ለገቢ ማሰባሰቢያ ጃንጥላ የሚያጫርቱልን እሳቸው ናቸው። "እንዲህ ያለ ልጅ በዚህ ዋጋ ሲሄድ ዝም ትላላችሁ?" ሲሉ ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ።

እኔም ለሌሎቹ ዋጋ ላስወድድባቸው ብዬ እጄን አወጣሁ። ከእኔ በላይ የሚጨምር ጠፋ።

"ተባረክ! ያንተ ነው!"

ቤተክርስቲያን ጨረታ ያሸነፈ ሰው ጃንጥላውን መልሶ ይሰጥና እንደገና ይሸጣል አይደል? ሶ ብድግ ብዬ "ጋሼ፣ መልሼ ሰጥቻለሁ!" አልኩ።

ጋሼ መኮንን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "የምትታጠፍ ኳስ አይችልም ስትል የከረምከው አንተ አይደለህ እንዴ? አሁን ካንተ ማን ይግዛው?"

እናንተስ ጭብጨባ አሙቋችሁ ምን ታቅፋችሁ ቀራችሁ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።