ድፎው ሳይቆረስ

እልል በሉልኝ! አዲስ ለተወለደችው እህቴ የክርስትና እናት የሚሆኑት እትዬ ዘውዴ ናቸው! ዛሬ ከኮምቦልቻ ደውለው "በደስታ!" ሲሉ፣ እናቴ ስልኩን እንደያዘች አለቀሰች።

ደስታዬን ይዤ ወደ ደጅ ስወጣ ከጎረቤት በኮባ ቅጠል የሚጋገር ድፎ ሸተተኝ። ሽታው ልጅ ሳለሁ ደሴ እኛ ቤት ወደተጠጣው የማርያም ማኅበር ይዞኝ ሄደ።

ያን ቀን የማኅበሩ ቄስ ድፎውን ሊቆርሱ ቢላዋ አነሱና መልሰው አስቀመጡት። "ሁለት ሰው ተኳርፎ እያለ ይህን ብቆርስ እኔም ከበደሉ እካፈላለሁ" አሉ። ዳቦ መቁረስ እንዴት በደል እንደሚሆን አልገባኝም፤ ትኩስ እንፋሎቱን እያየሁ ምራቄን ዋጥኩ። ሴቶቹ ግን ሁሉም እናቴንና እትዬ ዘውዴን አዩ። እናቴ ለእትዬ ዘውዴ ባል ለቅሶ ሳትደርስ ቀርታ፣ ከዚያ ወዲህ እያፈረች ትሸሻቸው ነበር።

እናቴ ተነስታ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"እትዬ፣ በድያለሁ። ስለ እመቤታችን ብለው ይቅር ይበሉኝ።"

እትዬ ዘውዴም "ከዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሃል ያንቺን ፊት ነበር እኮ የፈለግሁት" አሉ። ጎንበስ ብለውም አቀፏት። "ይቅር ለእግዚአብሔር! አብሽሪ፣ ተነሺ በይ፤ ልጅሽ በረሃብ ልታልቅ ነው!"

ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተናወጠ።

ክርስትናው እሁድ ነው። እናቴ "ያገኘሽውን ሁሉ ጥሪ" ብላኛለችና እናንተም ተጠርታችኋል። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ግን አስቀድማችሁ በሩን አንኳኩ፤ ከዚያ ሁለት ሆናችሁ ኑ።