ልጄ ሳትተረጉምልኝ የቀረችው ቃል

ዛሬ የልጄን አንጎል አየሁት! ዶክተሯ የኤምአርአዩን ፎቶ በኮምፒውተር ከፍታ መሃል ላይ ፈካ ያለች ቦታ አሳየችን። የአንጎል ውሃ የሚመነጭባት ናት አለች።

ትልቋ ልጄ ሳራ፣ ኤምኤስ የሚባለው የነርቭ ሕመም ከያዛት ሁለት ዓመቷ ነው። ኖርስክ፣ የኖርዌዮቹ ቋንቋ፣ ሲፈጥንብኝ የምታስተረጉምልኝም እሷው ናት።

ዶክተሯ ብዙ ተናገረች። ሳራ ዞር ብላ «እማዬ፣ ደህና ነው ትላለች» አለችኝ። በቃ!

እኔ ግን «በቴነልሰ» ስትል ሰምቻለሁ። ያቺ ቦታ ተቆጥታለች ማለቷ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የአረጋውያን ቤት አጽድቼ፣ ነርሶቹ ዘወትር የሚሏት ይህቺ ቃል ትጥፋኝ?

ባገራችን ክፉ ወሬ ለባለቤቱ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። የኔ ልጅ ግን የራሷን ክፉ ወሬ ብቻዋን ሰምታ፣ ለኔ ብላ ደበቀችው።

ባቡር ውስጥ፣ ማዮርስቱን የሚባለው ጣቢያ ስንደርስ አላስቻለኝም። «የኔ እናት፣ ያቺ ቦታ ተቆጥታለች ነው ያለችው አይደል?»

«ኔይ…» አለች፣ አይደለም ለማለት። ከዚያ እንባዋ መጣ። «ያ፣ አዎ እማዬ። እንዳትጨነቂ ብዬ እኮ ነው።»

«መጨነቁንም አብረን እንጨነቃለን» አልኳት። ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች፤ መውረጃችንም አለፈን።

እናንተስ፣ ልጆቻችሁ ሲያስተረጉሙላችሁ ምን ደብቀዋችሁ ያውቃሉ? እስቲ አጫውቱኝ።