ብቅል መስሏቸው ያሰጡት የቀይ ሥር ዘር

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዲቱ የቀይ ሥር ዘሬን ሰፌድ ላይ በትነው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ደረስኩ።

ዘሩ ባለፈው ክረምት ያረፈችው እህቴ ትርንጎ የተወችው ነው፤ የቀረንም ያው አንድ እፍኝ ነበር። አምና በደረቁ ዘርታው እዚህም እዚያም ብቻ ስለበቀለ፣ «ለከርሞ ነክረን ነው የምንዘራው» ብላኝ ነበር።

እንዳለችው ውኃ ውስጥ አሳደርኩት፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በጉሎ ቅጠል ሸፈንኩት። ዛሬ ጠዋት ነጭ ጫፍ አውጥቶ ነበር።

ችግሩ፣ እኛ ቡሬ በጉሎ ቅጠል የተሸፈነ ነገር ሁሉ የጠላ ብቅል ነው።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ብቅሉ እንዳይሻግት ላድርቅላችሁ ብዬ ነዋ።»

«ቀይ ሥር እኮ ነው። የትርንጎ ዘር ነው።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ። «እኔን ይድፋኝ» አሉ።

ይኼኔ እናቴ ከቤት ወጣች። «ዘውዲቱ፣ የቀይ ሥር ጠላ ልታጠጪን ነበር?» ብላ ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ሰፌዱን ተቀብላ ጓሮ ገባች። ከሥር ያለው ዘር ገና እርጥብ ስለነበር ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ወዲያው ዘራነው። እትዬ ዘውዲቱ ጥፋታቸውን ለመካስ ውኃ ቀጂ ሆኑ።

እናንተስ ነክራችሁ ስትዘሩ ምን ገጥሟችኋል? ነጭ ጫፉን ፀሐይ መትቶት የበቀለለት ሰው ካለ ይጻፍልኝ። እናቴ «ምን አሉ?» እያለች አጠገቤ ተቀምጣለች።