ዝናሽ የዘጋችው በር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል፤ ጾም ስለ መግደፌና ስለ ቁጣዬ አውርቼ፣ መስቀል ተሳልሜ እመለሳለሁ። እናንተ የምታነቡት አታውቁኝም። ምናልባት ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀል ይሆናል ብዬ ነው። ስሜ ካሳ ነው። ዝናሽ በምትባል ሴት ላይ በሐሰት መስክሬያለሁ። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ አውቄ ነው ያደረግኩት።

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ሰዉ «ፈረስ ቤት» የሚለው ግቢ አለ። ያቋቋሙት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላቸዋለን። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ እንቅልፍ የራቃቸው፣ እግራቸውን ያጡ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ያቃታቸው ሰዎች ወደዚያ ይመጣሉ። ማንም ምንም ሳያስከፍላቸው ፈረስ ያበላሉ፣ ጋማ ያበጥራሉ፣ ሲደፍሩም ወጥተው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ሲስተር ይህ ነገር ምን ይጠቅማል ተብለው ሲጠየቁ፣ ፈረስ «ምን ደረሰብህ» ብሎ ሰውን አያደርቅም ይላሉ። ፈረሶቹን የምገራው እኔ ነበርኩ።

ከሁሉም የምወደው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ የምንለውን ፈረስ ነበር። ወደኛ የሚመጡት ሰዎች ይደነግጣሉ፤ ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ የጭነት መኪና ሲያጓራ ሳያስቡት ይጮኻሉ። ፈረስ ደግሞ ጩኸት ሲሰማ ይበረግጋል። ስለዚህ ቦራን፣ ላዩ ላይ ያለ ሰው ከጮኸ እዚያው ቀጥ ብሎ እንዲቆም አስተማርኩት። ክረምቱን ሙሉ ጀርባው ላይ ሆኜ እየጮኽኩ፣ በቆመ ቁጥር አንድ እፍኝ ገብስ እየሰጠሁ ነው ያስተማርኩት። በመጨረሻ እየጋለበ እንኳ ድንገት ይቆም ጀመር። ገብሱን ፍለጋ አንገቱን ወደኔ ሲያዞር አንጀቴን ይበላው ነበር።

ዝናሽ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው። ተኩሱ ከተማ የገባ ዕለት ትንሽ ልጇ ከቤት ወጥታ በሕይወት አልተመለሰችም። በሩን ሳልቀረቅረው ቀርቼ ነው ትላለች። ቀርቅራው ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፤ ፈራጅም ተከሳሽም ራሷ ነበረች። ከዚያ ወዲያ በር ዘግታ መሄድ አይሆንላትም። ትዘጋለች፣ ትሄዳለች፣ ተመልሳ መጥታ መቀርቀሪያውን ትነካለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ሲስተር ይህን አይተው ምን አደረጉ? የግጦሹን በር ሰጧት። ማታ ማታ ፈረሶቹ ከግጦሽ ሲገቡ በሩን መዝጋት የዝናሽ ሥራ ሆነ።

መጀመሪያ መከራ ነበር። እየተመላለሰች ስትነካው አጥሩን ተደግፌ እጠብቃታለሁ። ከሰው ጋር ብዙም አታወራም፤ ቦራን ግን በአገውኛ ስታጫውተው እሰማለሁ። አንድ ቀን ማታ በሩን ዘጋችና ወደኋላዋ ሳትዞር ሄደች። ሲስተር ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ደስ አለኝ። ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ታዲያ ያ ደስ ያለው ሰው እኔ ከሆንኩ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ያደረገው ማን ነው?

ጥር ላይ ደሃና ወረዳ ውስጥ የባለቤቴ ዘመድ ሠርግ ነበረ፤ ወንድሟ ሚዜ ሆነ። «ፈረስ ከእጅህ ሞልቶ እኔ ሙሽራ በእግሬ ላጅብ?» አለኝ። የእኛን አገር ሠርግ የሚያውቅ ይህ ጥያቄ እንዳልሆነ ያውቃል። ሲስተር ፈረሶቹ ለማንም እንዳይወጡ አጥብቀው ከልክለዋል፤ በዚያ ሳምንት ግን ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄደው ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከእኔ በቀር ወደ ግቢው የሚመጣ የለም። ዓርብ ማታ ዝናሽ በሩን ዘግታ ሄደች። እኔ ከፈትኩት። ቦራን አወጣሁ። ከኋላዬም በደንብ ቀረቀርኩት።

ቅዳሜ ሙሽሪት ቤት ደጃፍ ካለው ሜዳ ላይ አጃቢዎቹ ሊጋልቡ ተሰለፉ። ሚዜው አማቼ ቦራ ላይ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ፈረሱን እያየ ያደንቃል። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አትጩህበት፣ ይቆምብሃል ልለው ይገባኝ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሚዜ ሲፎክር የሚቆም ፈረስ አመጣሁላችሁ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ልናገር? ይስቁብኛል ብዬ ዝም አልኩ። እንዳይሳቅብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

አማቼ ሜዳው መሐል ሲደርስ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ፎከረ። ቦራም እንዳስተማርኩት ቆመ። ከኋላው በግልቢያ የሚመጣው ፈረስ ላዩ ላይ ወጣበት። አማቼ ወድቆ አቧራውን እያራገፈ ተነሣ። ቦራ የፊት እግሩ ተሰብሮ እንደምንም ቆሞ ነበር። እየተንቀጠቀጠ አንገቱን ወደኔ አዞረ። ገብሱን እየጠበቀ ነበር። ወደ ገደሉ አፋፍ ወስደው በጥይት ገላገሉት፤ ሠርገኛው እልል እያለ ስለነበር ብዙ ሰው አልሰማም።

ሰኞ ሲስተር ተመልሰው ቦራ የት ነው አሉ። በመንገድ ሳስበው የመጣሁት ሌባ ወሰደው ልል ነበር። ሌባ ካልኩ ግን ፖሊስ ይመጣል፣ ሰው ይጠየቃል፣ ደሃና ድረስ ይደረሳል። ዝናሽ የቦራን ማበጠሪያ ይዛ ቆማለች። አየኋት። አይቻት ነው የተናገርኩት። «ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ የግጦሹ በር ክፍት ነበር። ጅብ ሳይበላው አልቀረም» አልኩ።

ስሟን አልጠራሁም። ስንት ጊዜ በዚህ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ! መጥራት ያስፈልግ ነበር? በሩ የማን እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ?

«ዘግቼው ነበር» አለች ዝናሽ። ወደ በሩ ዞራ አየችና «የዘጋሁት መሰለኝ» አለች። ከዚያ ማበጠሪያውን መሬት አስቀመጠችና «አልዘጋሁትም» አለች። ሲስተር አቅፈው ምንም አይደለም፣ ሰው ይረሳል አሏት። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። ዝናሽ ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣችም። ጽጽቃ ከተማ ዘመዶቿ ጋ ገባች፤ እዚያም በሩ ሥር ካልሆነ አትተኛም ሲሉ ሰማሁ።

ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ፈርቻለሁ፤ ግን የፈራ ሁሉ እንዲህ አያደርግም። የቱ ጋ እንደቆሰለች አውቅ ነበር። እዚያው ላይ ነው የመታኋት። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አላደክምም፤ ይቅር የምትለው እሷ ናት። እሷ ፊት መቆም እንዴት እንዳቃተኝም ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን ሰቆጣ ውስጥ ከሩቅ አይታኝ በሰው መሐል እየተሽሎከሎከች መጣች። ከስታለች። ልሸሽ አሰብኩ፤ ሳልሸሽ ደረሰችብኝና ጉልበቴ ላይ ወደቀች። «አያ ካሳ» አለችኝ፣ «ንስሐ አባቴ ቀኖና ሰጥተውኝ ጾሜ ሰግጄ ጨርሻለሁ። ግን ፈረሱን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይቅር ካላሉኝ አይቀለኝም።» የኔን ኃጢአት እሷ ጾማዋለች፤ የኔን ኃጢአት እሷ ሰግዳለታለች። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሰዉ ቆሞ ያየናል፤ ይቅር በላት እንጂ፣ ምን ታስጨንቃታለህ ይሉኛል።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።

እንባዋ እየወረደ እጄን ይዛ ሳመችው። እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።