ባቡርና ሃያ ስምንቱ ቀን

ሰፈሩ «ባቡር» ይለዋል። ግንበኛ ነው፤ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሲበላ እንኳን አንድ እግሩ በር ላይ ነው። ታላቅ እህቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ «ይሄ ልጅ ከእናታችን ሆድም የወጣው ሰልችቶት ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ በሰባት ወሩ ነው የተወለደው።

ይቺ እህቱ የምትሠራውም የምትተኛውም አንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ቀን ላይ መኪናዋን ስትረግጥ ላቧ ጨርቁ ላይ ጠብ ይላል። ቬንትሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር ሲያዞር ይውላል። ባቡር ታዲያ ዝናብ ሳይገባ ደህና ክፍል ሊሠራላት ቃል ገባ። በሲሚንቶ ብሎኬት ግን አይደለም። ሲሚንቶ እኮ ድንጋይ ተቃጥሎ ነው የሚመጣው፤ ጭሱ ሰማዩን ያሞቃል፣ ሰማዩ ደግሞ ዞሮ እኛኑ ይቀቅለናል። ይሄን ስልጠና ላይ ከሰማ ወዲህ ወሬው ሁሉ የአፈር ብሎኬት ሆነ። ከጓሮ የተቆፈረ አፈር፣ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ይደረግበታል፣ በእጅ መጭመቂያ ይጨመቃል፣ በቃ። እሳት የለ፣ ምን የለ።

ችግሩ አንድ ነው። ብሎኬቱ ላስቲክ ለብሶ፣ ውሃ እየጠጣ ሃያ ስምንት ቀን መቆየት አለበት። ለባቡር ሃያ ስምንት ቀን!

ብሎኬቶቹ በተጨመቁ በአሥረኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። እህቱ ክር ልትገዛ ወጣ ስትል፣ እሱ ሲባጎውን ወጥሮ የመጀመሪያውን ረድፍ ደረደረው።

«ደረሰ እንዴ?» አለች ስትመለስ።

«ድንጋይ ሆኗል፣ እታለም።»

ከክምሩ አንዱን አንስታ ልብስ የምትዘፈዝፍበት ባልዲ ውስጥ ከተተችው። «የደረሰ ብሎኬት ውሃ ውስጥ ቢያድርም አይሟሟም ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ፣ ተነሳ፣ ባልዲውን ዞረው፣ ደግሞ ቁጭ አለ። ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ቀላ። እጁን ቢሰድ የብሎኬቱ ጠርዝ በጣቶቹ መሃል እንደ ጭቃ ሙልጭ ብሎ ወጣ።

«ከነመኪናዬ ልትቀብረኝ ነበር» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ።

ባቡር የግንበኛ ማንኪያውን አነሳና ረድፉን አንድ በአንድ ነቀለው፤ ማያያዣው ጭቃ ገና ስላልያዘ ብሎኬቶቹ ተረፉ። አጽድቶ ወደ ላስቲኩ መለሳቸው።

«አሥራ ስምንት ቀን ቀርቷል። ዝናቡ ቢቀድመንስ?»

«እዚሁ ቆርቆሮዬ ውስጥ እከርማለኋ። የለመድኩት ነው።» ማጠጫውን አቀበለችው። «ጠዋትና ማታ አጠጣ። እጅህ ሥራ ከፈታ ሌላ ጣጣ ታመጣብኛለህ።»

ጠዋትና ማታ ነው የተባለው። ባቡር ቀትር ላይም ይመጣል። ላስቲኩን ገለጥ ያደርጋል፣ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፣ መልሶ ይሸፍናል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይመለሳል።