የአባቴ ቀኝ እግር

አፍንጫ የሚሰነፍጠው የወገብ ቅባት ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ፣ ጎንደር ያደግሁበት ቤት ክረምት ይመለስብኛል። አባቴ የጭነት ማኪና ሹፌር ነበር፤ ሊማሊሞን እየወረደ ከድብ ባሕር እህል ያመጣ ነበር። በዝናቡ ወራት ወገቡ ስለሚቆለፍበት፣ ጠዋት ጠዋት እናቴ በብብቱ ይዛ ከአልጋ ታነሳዋለች፣ እኔ ደግሞ የጫማውን ክር አስርለት ነበር። ግድግዳ ተደግፎ ሕመሙ እስኪለቀው ሲቆም፣ ፊቱን ላለማየት ክሩ ላይ አቀረቅር ነበር።

እናቴ «ምነው ሐኪም ቢያይህ?» ስትለው «ወገቡን የማያመው ሹፌር የት አለ?» ብሏት ይወጣል።

ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ፣ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ድብ ባሕር አክስቴ ዘንድ ሊያደርሰኝ ጋቢና አስቀምጦኝ ሄድን። ሊማሊሞን ስንወርድ በእሱ በኩል ተራራው፣ በእኔ በኩል ገደሉ ነበር። አንዱ ጥምዝ ላይ አባቴ አቃስቶ መሪው ላይ ተደፋ፣ ማኪናዋም መፍጠን ጀመረች።

«እግሬ አይሰማኝም!» አለ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። «ከወንበሩ ውረጂ፣ ጉልበቴን ግፊው! በሁለት እጅሽ!»

ወንበሩ ሥር ተንበርክኬ ጉልበቱን ተጫንሁት። እግሩ ፍሬኑ ላይ ነበር፣ ግን እንደ እንጨት ደርቋል። ከዚያ ሆኜ መንገዱ ስለማይታየኝ፣ አሁን ወደቅን፣ አሁን ወደቅን እያልሁ ዓይኔን ጨፈንሁ። እሱ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ፣ ጎኗን ከድንጋዩ ጋር እያፋጨ አቆማት።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ፣ እንባው እየወረደ። «እሺ» አልሁት። ከኋላችን የመጣ ሹፌር እየነዳ ጎንደር መለሰን።

ማታ እናቴ «ምነው አክስትሽ ዘንድ ሳትደርሺ ተመለስሽ?» ስትለኝ ግን ሁሉንም ነገርኋት። ሲነጋ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። የአከርካሪው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ ወደ ቀኝ እግሩ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም፤ እኔንም እስከ ፋሲካ አላናገረኝም።

ዛሬ አባቴ ቀስ እያለ በእግሩ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ያኔ የሚያስፈራኝ ገደሉ ነበር፤ አሁን ግን ገደሉን ብዙም አላስበውም፤ የሚያስፈራኝ፣ እናቴ ባትጠይቀኝ ኖሮ «እሺ» እንዳልሁት ዝም ብዬ ልቀር መቻሌ ነው።