እሺ ባይዋ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት እሺ የሚል ሰው ከሌለ ተረት አይነገርም ነበር። ተረት የሚነግሩን የአባቴ አጎት ነበሩ፤ አብዬ ደምለው እንላቸዋለን። ቢቸና ከተማ ዳር፣ ከገበያው በታች ባለው ቤታችን አብረውን ይኖሩ ነበር። ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደባቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛ ልጆቹ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን ምድጃውን እንከባለን፤ ኩራዙ ከበላያችን ግድግዳውን ጥላሸት ያለብሰዋል። ከዚያ ከመካከላችን አንዱን በዓይናቸው ይመርጡና «የዛሬ እሺ ባይ አንተ ነህ» ወይም «አንቺ ነሽ» ይላሉ።

የእሺ ባይ ሥራ ቀላል ይመስላል። አብዬ ትንሽ ተናግረው ትንፋሽ ሲወስዱ «እሺ» ማለት ነው። ነገር ግን እንቅልፍ የተጫነውን እሺ፣ ያልገባውን ሰው እሺ፣ ቶሎ እንዲያልቅለት የቸኮለውን እሺ፣ ሁሉንም ለይተው ያውቁታል። ያልገባው ሰው እሺ የሰሙ እንደሆነ ወደ ኋላ ተመልሰው በሌላ አነጋገር ይነግሩናል። የእንቅልፉን ከሰሙ ግን ፍሙን በአመድ ያዳፍኑና «ተኙ» ይላሉ፤ በቃ፣ ብንለምናቸውም አይመለሱም። ቀን ቀን በትልቅ ሰው ፊት አፋችንን መክፈት ለማይፈቀድልን ልጆች፣ አንድ ሽማግሌ የእኛን ድምፅ እየጠበቀ ሲናገር የምናየው ያኔ ብቻ ነበር።

ከሁላችን የምትሻለው እሺ ባይ ታላቅ እህቴ ብርቄ ነበረች። እኔ ለፍላፊ ስለሆንኩ መሀል ገብቼ ተረቱን አበላሻለሁ፤ ወንድማችን ገና የተረቱ ጅብ ሳይመጣ ያንቀላፋል። ብርቄ ግን ጉልበቷን አቅፋ፣ ፍሙን እያየች፣ ቦታውን ሳትስት እሺ ትላለች። አብዬ «ይቺ ልጅ ባትኖር እኔም ተረት አላውቅ» ይሉን ነበር። የምትወደው የጠፋባትን ጥጃ ፍለጋ ዓባይን ተሻግራ የሄደችውን ልጅ ተረት ነው። ልጅቱ በየደረሰችበት ቤት ደጁን እያንኳኳች «ጥጃዬን አይታችኋል?» ትላለች፤ በየቤቱም ሌላ ጉድ ይጠብቃታል። መጨረሻውን አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ወይ እንቅልፍ ይጥለናል፣ ወይ አብዬ ሆን ብለው ለነገ ያሳድሩታል።

ብርቄ አስተማሪ መሆን ነበር የምትፈልገው፤ ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም። ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፕላዝማ ገባ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የሚቆለፍ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱ በሳተላይት ከሩቅ ይመጣል ተባለ። ደስ ያላለው ሰው አልነበረም። አባቴ «የቢቸና ልጅ ከአዲስ አበባ ልጅ እኩል ሊማር ነው» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ትዝ ይለኛል፤ እኔም እዚያ ክፍል እስክደርስ ቸኩዬ ነበር።

ፕላዝማው ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ነበር የሚናገረው፤ ደግሞም ይፈጥናል። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ዝም ይላል፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል፤ ማንን እንደሚያመሰግን እንጃ። መብራት ከሄደ ቃሉ አፉ ላይ እንዳለ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣ ሌላ ርዕስ ላይ ደርሶ ይገኛል። የክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሀሉን እንደ ተማሪዎቹ ቆሞ ያያል።

በመጀመሪያው ቀን የሆነውን ብርቄ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ሰውየው ተናግሮ ትንፋሽ ሲወስድ፣ አፏ ሳታዘው «እሺ» አለ። ሰውየው ቀጠለና ቆም ሲል እሷም ደገመች። በእኛ ቤት ላደገ ልጅ ትልቅ ሰው እየነገረው ድዳ ሆኖ መቀመጥ ብልግና ነው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የክፍሉ መምህር ገና ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ነበር፤ ከዚያ ሳጥን ጎን ቆሞ ምን እንደሚያደርግ እሱም ግራ ገብቶት የነበረ ይመስለኛል። «በማን ላይ ነው የምታላግጪው?» አላት። ብርቄ ከታላቋ ጋር የምትከራከር ልጅ ስላልነበረች አንገቷን ደፋች። አንገት መድፋቷ ጥፋቷን እንደማመን ተቆጠረና ከክፍል ተባረረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሟ «እሺ ባይዋ» ሆነ። ቤት የምትኮራበት ስም እዚያ መሳቂያ ሆነባት።

ያን ሰሞን ማታ ማታ የብርቄ እሺ ተበላሸ። ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይቀራል። እኛ አሁን አብዬ ፍሙን ያዳፍኑታል ብለን ስንፈራ እሳቸው አላዳፈኑትም። አንድ ማታ ተረቱን ጀመር አድርገው ተዉትና ወደ እሷ ዞሩ።

«ዛሬ ደግሞ አንቺ ንገሪኝ» አሏት። «ትምህርት ቤት የዋልሽበትን። እሺ ባዩ እኔ ነኝ።»

ብርቄ ጉልበቷን ለቃ ተስተካክላ ተቀመጠች። ደስ ያላት መሰለኝ። «ዛሬ የተማርነው ስለ ሴል ነው» አለች።

«እሺ» አሉ አብዬ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። አፏን ከፈት ታደርግና ትመልሰዋለች። የፍሙ መንጣጣት ብቻ ይሰማ ነበር። አብዬ አልቸኮሉም፤ እሳቸው መጠበቅ ያውቁበታል። በመጨረሻ «አልገባኝም፣ አብዬ» አለች።

«የሚያስተምራችሁ ሰው ቆም አይልም?»

«ቆም ይላል። ግን እኛን ብሎ አይደለም።»

«እንዳልገባችሁ ሲያይስ?»

«አያየንም።»

«ውይ» አሉ አብዬ በሐዘኔታ፣ «ዓይነ ስውር ነው እንዴ?»

እኛ ትንንሾቹ ተንከተከትን። ብርቄ አልሳቀችም። «ዓይንስ አለው፣ አብዬ። እኛ እናየዋለን፤ እሱ እኛን አያየንም» አለቻቸው።

«ታዲያ ለማን ነው የሚያወራው?»

ብርቄ በእንጨት ጫፍ አመዱን መጫር ጀመረች። አብዬም እንደገና አልጠየቋትም። ያን ማታ ማናችንም ሳናንቀላፋ ፍሙ ተዳፈነ።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ብርቄ አላለፈችም። አልቅሳ ቢወጣላት ይሻል ነበር። ቤት ውስጥ ተቀመጠች፣ ከእናቴ ጋር ገበያ ዋለች፣ ከዚያ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቿ ዓረብ አገር መሄድን አነሳች። አባቴ ማታ ማታ አውርቶ ሊያስቀራት ሞከረ፤ ስለ ፕላዝማው ግን ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አብዬ ደምለው እሷ ከመሄዷ በፊት ባለው ክረምት አረፉ። መስከረም ላይ ብርቄን እስከ ደጀን ሸኘናት። በከባድ መኪና በተሞላው መንገድ ዳር ቆመን አውቶቡሱ ወደ ዓባይ ሲወርድ አየነው፤ አባቴ ያወለቀውን ባርኔጣ አውቶቡሱ እስኪሰወር ድረስ መልሶ አልደፋም።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ፕላዝማዎቹ አንድ በአንድ ተበላሽተው ነበር። ሳጥኖቹ እንደተቆለፉ አቧራ ለበሱ፤ መምህሮቻችን ጠመኔያቸውን አነሱና አማርኛ እየቀላቀሉ፣ ዓይናችንን እያዩ አስተማሩን። አለፍኩ። ከብርቄ ስለበለጥኩ አይደለም፤ ዘግይቼ በመወለዴ ነው። እሷ የተመኘችውን ሥራ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ሞጣ ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ።

አሁን በእኛም ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር አለ፤ ቪዲዮም በላፕቶፕ እናሳያለን። ስለ ዲጂታል ትምህርት ሥልጠና ተጠርተን ነበር። አሠልጣኙ በስላይድ ላይ ስላይድ ደራርቦ «ጥያቄ አለ?» አለን። ማንም አልጠየቀም፤ ስለገባን መስሎት ቀጠለ። እጄን አውጥቼ፣ በእኛ አገር ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ የገባው እንዳልሆነ፣ ዝምታው አንዳንዴ አክብሮት አንዳንዴም ፍርሃት እንደሆነ፣ ማሽኑ ደግሞ ይህን መለየት እንደማይችል ተናገርኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር። አሠልጣኙ በትሕትና አመሰገነኝና ሐሳቤን አስተያየት መስጫው ላይ እንድጽፈው ነገረኝ። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ቪዲዮውን በየመሀሉ አቆማለሁ፤ አንዱን ተማሪ እሺ ባይ አድርጌ ሌላው የሰማውን እንዲነግረው አደርጋለሁ። ምዕራፍ አትሸፍኚም እየተባልኩ እወቀሳለሁ። ይሁን።

ብርቄ ስልክ ከያዘች ጀምሮ በድምፅ መልእክት ነበር የምታወራኝ። ማታ ሥራዋን ስትጨርስ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብላ ትናገራለች፤ ከኋላዋ የፍሪጁ ድምፅ ይሰማል። አንድ ነገር ትልና ቆም ትላለች፤ «እሺ በይ እንጂ፣ ለፍላፊ» ትለኛለች፣ መልእክቱ ገና እንዳልደረሰኝ እያወቀች። አንድ ቀን እየሳቀች «እዚህ ቀኑን ሙሉ እሺ የምለው እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ እንኳ አንቺ በይልኝ» አለችኝ። ሳቋ ውስጥ የነበረውን ያኔ ሳልሰማው አልቀረሁም፤ ከዚህ ሆኜ ምን ማድረግ እንደምችል ግን አላወቅሁም።

ከዚያ በአካባቢያችን ኢንተርኔት ተቋረጠና ለረዥም ጊዜ ሳይመለስ ቀረ። የተመለሰ ዕለት ከትምህርት ቤት ወጥቼ መንገድ ላይ ሳለሁ ስልኬ ደጋግሞ ጮኸ፤ የብርቄ መልእክቶች ተግተልትለው ገቡ። መጀመሪያ ላይ ደኅንነታችንን ትጠይቃለች። ቆየት ብላ እመቤቷ እንደጠመደቻት፣ ስልኳንም ልትቀማት እንደምትፈልግ ትናገራለች። በመጨረሻዎቹ ላይ ግን ስለ ራሷ ማውራት ትታለች። ተረት ነው የምትነግረኝ። የጥጃዋን ልጅ ተረት፣ በአብዬ አነጋገር፣ አብዬ ትንፋሽ ይወስዱበት በነበረው ቦታ ሁሉ ቆም እያለች።

እዚያው ቆሜ ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ዛሬም ዝግ ነው። የላካት ኤጀንሲ «እንጠይቃለን» ይለናል። አብረዋት የሄዱት ልጆችም ወሬዋን አልሰሙም። አባቴ ቢቸና ቤቱ ተቀምጦ ለቅሶ እንዳይቀመጥ የሞተበት ሰው የለም፣ ተስፋ እንዳያደርግ ወሬዋ የለም። እኔን ባየ ቁጥር «ያን ነገር ክፈቺው እስቲ» ይለኛል፤ እከፍትለታለሁ፤ የልጁን ድምፅ እንደ ጸሎት አቀርቅሮ ይሰማል።

ከአብዬ ምድጃ የቀረልኝ ይኸው ነው። የእሳቱ ሙቀት፣ የጭሱ ሽታ፣ ብዙው ተረት ጠፍቶብኛል፤ የት ላይ እሺ እንደሚባል ግን አልረሳሁም። በመጨረሻው መልእክት ላይ ልጅቱ ዓባይን ተሻግራ፣ ደክማ፣ አንድ ትልቅ ቤት ትደርሳለች። «ደጁንም አንኳኳች» ትላለች ብርቄ፤ ከዚያ ቆም ትላለች። ከኋላዋ ፍሪጁ ይሰማል፤ ትንፋሽዋም ይሰማል። አባቴ ከጎኔ ሆኖ «እሺ» ይላታል። እኔም እላታለሁ። መልእክቱ እዚያ ላይ ያበቃል።